ጠረጴዛ ላይ የታሰረው መሪ

መተማ ዮሐንስ ውስጥ መንዳት የማይችል ወንድ ብትፈልጉ ብዙ አትደክሙም። ከኬላው ወደ ገበያው ሲመለሱ በስተግራ በኩል «ፎቶ ኮፒ፣ ማመልከቻ፣ ማንኛውም ቅጽ ይሞላል» የሚል ሰሌዳ የተንጠለጠለበት ቤት አለ። ግቡና ከኮምፒውተሩ ኋላ የተቀመጠውን ሰው እዩት። እሱ እኔ ነኝ። ከፊቴ የተቀመጠ ሰው ካለ ደንበኛ ነው፤ እሱ መንዳት ይችላል።

በእኛ ቆላ ሰው መንዳት የተማረበትን ቀን አያስታውስም። ትራክተሩ፣ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ በየደጁ ቆሟል፤ አንዱ «እስኪ ወዲህ አስጠጋት» ይላል፣ ሌላው ያስጠጋል፣ በቃ ሹፌር ሆነ ማለት ነው። እኔን አስጠጋ ያለኝ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ተጸጽቷል። ባጃጅ ነበረች። ሃያ እርምጃ ያህል በደንብ ሄድኩ። ሃያ አንደኛው ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበር። ጎትተን ስናወጣት ሦስት ቀሚስና አንድ ነጠላ ለብሳ ወጣች፤ ባለሱቁም ዙሪያዋን አይቶ «ሠርጉ መቼ ነው?» አለኝ። ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ የእጅ ጋሪ እንኳ ስገፋ ያዩኝ ሰዎች መንገዱን ይለቁልኛል።

እንዲህ ያለው ሰው ታዲያ የባለትራክተር ልጅ አገባ። አማቴ ጋሽ አዳነ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ከበለሳ ወርደው አብደራፊ ላይ የሰው ትራክተር ሲነዱ ኖሩ፤ ኋላም የራሳቸውን አንዲት ቀይ ትራክተር ገዝተው ኮኪት አጠገብ ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርቱ ሆኑ። ትራክተሯን እንደ ፈረስ ዳማ እያሉ ይጠሯታል። ሚስቴ አስካለ ብቸኛ ልጃቸው ናት፤ «አባዬ ሁለት ልጅ ነው ያለው፤ እኔ ታናሿ ነኝ» ትላለች።

ባለፈው ዓመት የጋሽ አዳነ ዓይን ከዳቸው። ጎንደር ሄደው ታዩ። የዓይን ግፊት ነው፣ የቀረው እንዳይሄድ ጠብታ ይደረግበታል፣ የሄደው ግን አይመለስም ተባሉ። አሁን ሰው የሚያዩት እንደ ጥላ ነው። ግንቦት ልደታ ዕለት እሳቸው ቤት ተሰብስበን ሳለ ጠላቸውን አስቀመጡና «ዝናቡ ሳይገባ ዳማን እሸጣታለሁ። መሪዋን የሚይዝ የቤት ሰው የለም። ቅጥረኛ ደግሞ እጁን አያሳርፍባትም» አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር፤ ጣቶቻቸው ግን ጉልበታቸው ላይ አንድ የሌለ መሪ ጨብጠው ነበር። አስካለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዳማን የሸጠ ዕለት አልጋ ይይዛል፤ እወቀው» አለችኝ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። ከፈትኩት።

«ዳማ አትሸጥም» አልኩ። «እኔ እይዛታለሁ።»

ጋሽ አዳነ ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ።

«ማነው እሱ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ አዳነ።»

«ባለባጃጁ?»

«አዎን።»

«እንግዲህ ሰኔ ሲገባ ትተያያላችሁ፣ አንተና ዳማ» አሉ። እንግዶቹ ጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሳቃቸውን እዚያ ውስጥ ደበቁት።

በማግስቱ የጠላው ሞቅታ ሲበርድ ድፍረቴም አብሮ በረደ። መማር አለብኝ። የት ልማር? ሜዳ ላይ ብወጣ ከተማው ሁሉ ወንበር ይዞ ይመጣል። መፍትሔው የመጣው ከሱቄ ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግተው የስልክ ዕቃ ከሚሸጡት ከኡስታዝ በሽር ነው። ካርቱም ሒሳብ ያስተምሩ ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣ በገላባት በኩል ተሻገሩ። መኪናቸውን እዚያው ትተው መሪ ይዘው ነው የወጡት። እውነቴን ነው። የልጃቸው የጌም መሪ ነው፤ ልጁ በሌላ በኩል ወደ ሌላ አገር ሲሄድ «አባባ፣ እሱን ብቻ እንዳትጥለው» ብሏቸው በብርድ ልብስ ጠቅልለው አመጡት። የስደት ወረቀታቸውን ሁሉ የምጽፍላቸው እኔ ስለሆንኩ ጭንቀቴን ነገርኳቸው። መሪውን ከነፔዳሉ፣ ጌሙንም በፍላሽ ይዘውልኝ መጡ።

«ይህ መሪ ዝም አይልም» አሉኝ። «መንገድ ድንጋይ ካለ፣ እጅ ያውቃል። ጭቃ ካለ፣ እጅ ያውቃል። ፎርስ ፊድባክ ይባላል። ግን ሽወያ ሽወያ፣ ቀስ በል። የልጄ ነው። አደራ።»

ፎርስ ፊድባክ ማለት ለማያውቀው፣ መሪው ውስጥ ሞተር አለ፤ አንተ ስታዞረው እሱም በበኩሉ ያዞርሃል። መኪናው ስክሪኑ ላይ የሚደርስበትን መሪው እጅህ ላይ ያደርሰዋል። የጉልበት ምላሽ ልንለው እንችላለን። ትዳር ላለው ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

መሪውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በብሎኑ አጥብቄ አሰርኩት፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁት፣ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ወዲያው ብቻውን ዞረ። ወደ ግራ እስከ ጫፍ፣ ወደ ቀኝ እስከ ጫፍ፣ ከዚያ መሐል ላይ ቆመ። አስካለ ምሳዬን ይዛ በሩ ላይ ነበረች።

«በስመ አብ ወወልድ። ማነው የሚነዳው?»

«ማንም አይደለም።»

«ማንምም ካንተ ይሻላል» ብላ ምሳዬን አስቀምጣ ሄደች።

ከዚያ ማስተካከያው መጣ። ስክሪኑ ላይ ቅጽ የመሰለ ገጽ ተከፈተ፤ ሳጥን በሳጥን፣ ቁጥር በቁጥር፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ሌላ ሰው ይደነግጥ ይሆናል። እኔ ግን የቅጽ ሰው ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ኬላ አጠገብ ቅጽ ስሞላ የተማርኩት አንድ ሕግ ቢኖር ባዶ ሳጥን የተተወበት ቅጽ ተመልሶ እንደሚመጣ ነው። የገባኝም ያልገባኝም ሳጥን ላይ ሁሉ ምልክት አደረግሁ። ቁጥር የሚጠይቀውን ቦታ ደግሞ በሙሉ መቶ፣ መቶ፣ መቶ እያልኩ ሞላሁት። መቶ ማግኘት ሲቻል ሃምሳ የሚሞላ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? አስቀምጥ የሚለውን ተጫንኩና በሠራሁት ሥራ ኮርቼ ነዳጅ ሰጠሁ።

መሪውን ወደ ቀኝ ትንሽ፣ ጤፍ ታህል ነካሁት። እሱ ቀሪውን ከእጄ ነጥቆ እስከ ጫፍ ወሰደው። ወደ ግራ ስመልሰው ደግሞ መሐሉን አልፎ በግራ ጫፍ ተገኘ። ክንዴ ተከተለው፣ ትከሻዬ ክንዴን ተከተለ። መኪናዋ ግድግዳ ውስጥ ነበረች። እኔም «አሃ፣ መንዳት ማለት ይህ ነው ለካ» አልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ሹፌሮች ለምን ጡንቻቸው እንደሚያብጥ የተገለጠልኝ መሰለኝ። አክብሮቴም ጨመረ።

ሦስት ሳምንት ታገልን። ሱቁ ሥራ ሲቀዘቅዝ በሩን ገርበብ አድርጌ እቀመጣለሁ። መሪው ሲጎትት ጠረጴዛው ይሄዳል፤ እኔም ወንበሬን ይዤ እከተለዋለሁ። አንድ ቀን ከግድግዳው ተነሥተን በር ላይ ደረስን፤ ጌሙ ውስጥ ግን ከቆምንበት አልተነቃነቅንም። በማግስቱ የጠረጴዛውን እግሮች ሁለት ኩንታል ማሽላ ጫንኩባቸው፣ መሪውን በጭነት ገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። ቅጽ ሊያስሞሉ የመጡ አንድ ነጋዴ ላቤ ሲንጠባጠብ፣ ጥርሴን ነክሼ ክብ ነገር ጨብጬ ስንቀጠቀጥ አገኙኝ።

«ምን ሆነሃል?»

«ማሽን እየጠገንኩ ነው።»

«እሱ ነው አንተን እየጠገነህ ያለ» አሉና ወረቀታቸውን ይዘው ሌላ ቤት ሄዱ።

ግንቦት መተማ ላይ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ መንገር ከባድ ነው። እኩለ ቀን ላይ ውሻ እንኳ ከጥላው አይወጣም። መሪውም የሰው ልጅ ሥራ ነውና ጋለ። የተቃጠለ ሽታ አወጣና ሥራ አቆመ። ምን ይደረግ? ቆላ ውስጥ ነገር ሲግል የሚደረገው ይታወቃል። የመጠጥ ውኃ ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ይቀዘቅዛል፤ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ጆንያ ነከርኩ፣ ጨመቅ አደረግሁ፣ መሪውን እንደ ጀሪካን ጠቀለልኩት። እውነት ለመናገር ቀዘቀዘ። ሞተሩ ተነሣ። ደስ ብሎኝ ጆንያውን ደግሜ ነከርኩት፤ ሁለተኛውን መጭመቅ ረሳሁ።

ውኃው እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ወዳለው የመብራት ዲቫይደር ወረደ። እኔ በባዶ እግሬ ፔዳል ላይ ነበርኩ። ያን ጊዜ ፎርስ ፊድባክ ምን ማለት እንደሆነ ከተረከዜ እስከ መንጋጋዬ ገባኝ። ስነቃ መብራቱ ጠፍቷል፣ መሪው ሞቷል፣ እኔ ደግሞ ማሽላው ላይ ተኝቻለሁ። ገርበብ ባለው በር በኩል ኡስታዝ በሽር ጃንጥላቸው ሥር ሆነው ለአንድ ሰው የስልክ መሸፈኛ ሲያሳዩ ይታዩኛል። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት አፍሬ አላውቅም። ሰው ከጦርነት አውጥቶ ያመጣውን አደራ እኔ በጆንያ ገደልኩት።

ውኃ ውስጥ የወደቀ ስልክ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ሲባል ሰምቻለሁ። ሩዝ አልነበረኝም። ሱቁ ጓዳ ውስጥ ግን ጋሽ አዳነ ለዘር የመረጡት አንድ ጆንያ ሰሊጥ ነበር፤ ቤቴ ደረቅ ነው ብለው በአደራ ያስቀመጡት። እንግዲህ አንዱን አደራ በሌላው አደራ ውስጥ ቀበርኩት። በሦስተኛው ቀን አውጥቼ ስሰካው ተነሣ። አቅፌ ሳምኩት። አንድ ነገር ብቻ ተቀይሯል፤ ባዞርኩት ቁጥር ውስጡ ሽር ሽር ይላል። በየቀዳዳው ስንት ፍሬ እንደገባ እግዚአብሔር ይወቀው።

ሰኔ ሊገባ ሲል ጋሽ አዳነ ዘራቸውን ሊያዩ መጡ፤ አስካለ ክንዳቸውን ይዛ። እኔ ከመሪው ጋር ትንቅንቅ ላይ ስለነበርኩ ሲገቡ አልሰማኋቸውም።

«ምንድን ነው የሚንሿሿው?» አሉ።

አስካለ ቀድማኝ ተናገረች። «አባዬ፣ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ መሪ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሱ ሲማር ነው የከረመ። ማታ ማታ ክንዱን የማሸው እኔ ነኝ።»

ስድብ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «አስቀምጭኝ» አሉ። ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። እጃቸው ጠረጴዛውን ዳበሰ፣ ገመዱን ዳበሰ፣ መሪውን አገኘው። ከዓመት በላይ መሪ ያልነካ እጅ ነው። ጨበጡት። ከዚያ በሁለት ጣት ወደ ቀኝ ነካ አደረጉት። መሪው እንደ ልማዱ ነጠቃቸው፤ እሳቸው ግን አልታገሉትም፣ ለቀቁት።

«ይህ መሪ ይዋሻል» አሉ።

«እንዴት?»

«ቀና መሪ ስታዞረው ወደ መሐል ሊመልስህ ይለፋል። ይኸ አንድ ጊዜ ከተሳሳትህ ግፋበት ነው የሚልህ። እንዲህ ያለ ወዳጅም አለ። ገልብጠኸዋል።»

ወደ ቅጹ ሄድኩ። ምልክት ያደረግሁባቸውን ሳጥኖች አንድ በአንድ በመዝገበ ቃላት ፈታሁ። ከታች አራተኛው ላይ «ኃይሉን ገልብጥ» የሚል ነበር። እኔ ሦስት ሳምንት ያልታየኝን ዓይነ ስውሩ አማቴ በሁለት ጣት አገኙት። ምልክቱን አጠፋሁ፤ መቶዎቹንም በእሳቸው ምክር ወደ ሠላሳ አወረድኳቸው።

መሪው ረጋ አለ። ጋሽ አዳነ ነዳጁን በቀስታ ረገጡ፣ መኪናዋ ሄደች፣ ከመንገዱ ጠርዝ ወረደች። መሪው እጃቸው ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ጠጠር» አሉ በቀስታ።

«አዎን። ከአስፋልት ወጥተው ነው።»

ትንሽ መለሱት። መንቀጥቀጡ ቆመ። «አሁን ገባሁ» አሉ። አስካለ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። መንገድ ዳግመኛ አገኛለሁ ብለው ያላሰቡ ሰው በእጃቸው አገኙት፤ ያገኙትም በእኔ ሞኝነት በኩል ነው። ይህን እያሰብኩ ልቤ በኩራት ሊሞላ ሲል ጋሽ አዳነ ጆሯቸውን ወደ መሪው አዘነበሉ።

«ይኸ ሽር ሽር የሚለው ግን ጠጠር አይደለም።»

ወደ ጓዳው በር አየሁ።

«ሰሊጥ ነው። ነጭ፣ በደንብ የደረቀ።» ደግመው አዞሩት። «የኔ ዘር መሪ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ሳጥኑን፣ ጆንያውን፣ ዲቫይደሩን፣ ቀብሩን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አስካለ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ደጅ ወጣች።

«ከተገለበጠ መሪ ጋር ሦስት ሳምንት ታግለህ ካልተውኸው» አሉ በመጨረሻ፣ «ዳማንም አትተዋት ይሆናል። ዳማን ለመሸጥ የጠራሁት ደላላ ሐሙስ ይመጣል። አንተ ረቡዕ ኮኪት ና።»

ረቡዕ ሄድኩ። ዝናቡ አንድ ጊዜ ወርዶ መሬቱ ልስልስ ብሏል፤ ማረሻው ተገጥሟል፤ ለሥራ የመጡ ሦስት አራት ሰዎች ዳር ላይ ቆመዋል። ደላላው ገዥ ይዞ ሊመጣ አንድ ቀን ቀርቶታል። ዳማ ላይ ወጣሁ፣ ፍሪስዮኑን ረገጥኩ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ መሪውን በሦስት ሳምንት ጡንቻዬ ሁሉ ጨበጥኩ። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት የሚባለው ለእኔ ነው። የዳማ መሪ በዘይት የሚታገዝ፣ በሁለት ጣት የሚዞር ነው። እኔ የለመድኩት ጠላት ውስጡ የለም። ትንሽ ላስተካክል ብዬ በኃይል ስስበው ዳማ ባለችበት ዞረች። ስመልሰው በሌላ በኩል ዞረች። ስታቆም ከማሳው መሐል አንድ ቆንጆ ክብ ወጥቷል።

ዳር ከቆሙት አንዱ፣ የጎጃም ሰው ነው፣ «ሳይዘራ አውድማ ሲወጣ ገና ዛሬ አየሁ» አለ።

ጋሽ አዳነ አላዩም፤ ሞተሯን ግን ሰምተዋል። በትራቸውን ይዘው ድምፁን እየተከተሉ መጡ፣ ሰው ሳይረዳቸው ወጡ፣ ከኋለኛው ጎማ በላይ ካለው ጭቃ መከላከያ ላይ ተቀመጡ። «ከጎረቤት የሚያዋስነንን ፈር ያዝ። ቀኝ ጎማህን እዚያ አስገባ። ሌላውን ለኔ ተወው» አሉ። ተነሣን። ጥቂት እንደሄድን ቀኝ ትከሻዬ ላይ በትር አረፈ፤ ወደ ቀኝ መለስኩ። ቆይቶ ግራ ትከሻዬ ላይ፤ ወደ ግራ መለስኩ።

«ምን እያዩ ነው የሚመቱኝ?»

«ማን ያያል? ጎማዋ ፈር ስትለቅ መቀመጫዬ ያውቃል። ዓይንህን ከፊትህ አድርግ።»

እስከ ቀትር ድረስ ትከሻዬ ነፍሮ ፈሩ ቀና። ሐሙስ ደላላው ገዥ ይዞ ሲመጣ ጋሽ አዳነ ውኃ ሰጧቸውና «ዳማ ሹፌር አላት» ብለው ሸኟቸው። ሹፌሩ እኔ ነኝ። ያን ዕለት ልቅሶ ቤት እንኳ ሄጄ ቢሆን ፈገግታዬን የምከለክለው አይመስለኝም። ማረፊያ ሰዓት ላይ ግን ትከሻዬን እያሸሁ፣ «ጋሽ አዳነ፣ ኃይሉን ወደ ሠላሳ ዝቅ ማድረግ አይቻልም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የኔ ሳጥን የለውም» አሉ።

መሪውን ለኡስታዝ በሽር ልመልስ ስሄድ ስለ ሰሊጡም ተናዘዝኩ። ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አዞሩት። «ሲምሲም» አሉ፣ ሰሊጡን በዐረብኛ ስሙ ጠርተው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሲስቁ አየኋቸው። «ልጄ ሲመጣ አባባ የት ነበርክ አይልም፤ ሰሊጥ አገር እንደነበርኩ ከመሪው ይሰማል።» ልጃቸው እስኪመጣ ድረስ እኔ ዘንድ እንዲቆይ ነገሩኝና የእኔው ጠረጴዛ ላይ መልሰን አሰርነው።

አሁን እርሻው በማይኖርበት ቀን ጋሽ አዳነ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ይመጣሉ። ወንበሬ ላይ ይቀመጣሉ፣ መሪውን ይጨብጣሉ፣ በትራክተር ፍጥነት ውድድር ይገባሉ። ሌሎቹ መኪናዎች ዘጠኝ ጊዜ ዞረው ሲያልፏቸው ሰምተው «እነዚህ ምን ዘርተው ነው የሚቸኩሉት?» ይላሉ። መታጠፊያ ሲመጣ አያዩትምና እኔ ከኋላቸው ቆሜ ትከሻቸውን እነካለሁ፤ ቀኝ ሲሆን ቀኙን፣ ግራ ሲሆን ግራውን። ባለፈው ዓርብ የነካኋቸው ጠንከር ብሎ ኖሮ መሪውን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«መቶ ላይ ነህ» አሉኝ። «ወደ ሠላሳ ቀንስ።»

ቀነስኩ።